በእንተ ስማ ለማርያም ያለ ሸክላ

ከፀዳም ይምጣ ከደባርቅ፣ ዜማ ሊማር ጎንደር የገባ ቆሎ ተማሪ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ደበሎውን ይለብሳል፣ አኩፋዳውን ያነግታል፣ ለውሻ የምትሆን በትር ይይዛል፣ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ይህ ልመና ከሌላው ልመና ይለያል። ድጓውንና አቋቋሙን ለማወቅ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ተማሪው ያን ሁሉ ዓመት የሚያሳልፍበት ሌላ ገቢ የለውም። ቁራሽ የምትሰጠው እመቤትም ዜማ ገዛሁ ብላ አታስብም። በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሬዳዊ ዜማ ለማጥናት ጎንደር የተቀመጡ አንዲት መነኩሲት እነዚህን ልጆች ቀን ሲማሩ፣ ሌሊት ውጭ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። የሚችሉት ፒያኖ መጫወት ነበርና ሸክላ አስቀረጹ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይባላሉ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመናቸው የጎንደር ከንቲባ ነበሩ፤ ልጃቸው በኋላ በዚያው ከተማ ከቆሎ ተማሪ ጎን መገኘታቸውን ልብ ይሏል። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው የአውሮፓን ሙዚቃ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ አጠኑ። ለንደን ሄደው ሊቀጥሉ ሲሉ ግን ፈቃድ ተከለከሉ፤ ግሸን ማርያም ገብተውም መነኮሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ጎንደር የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የመድረክ ሰው ለመባል የሚጓጉበት ዘመን ወደ ኋላ ቀርቷል። የመጀመሪያው ሸክላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ ጀርመን አገር ታተመ። በጀርመንኛ የተሰጠው ርዕስ የራሳቸውን ድርሰቶች እንደሚጫወቱ ከመናገር አያልፍም። ገቢው ለችግረኞች ታሰበ። በጎንደር ደጃፎች ሲባል የኖረው «በእንተ ስማ ለማርያም» በዚህ ሸክላ ባሕር ተሻገረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ትርፍን አለመፈለግ ብዙ ጊዜ የሚወራው እንደ ደግነት፣ እንደ ሰውዬው ጠባይ ነው። እኔ ግን ሙዚቃው ውስጥ ራሱ ይሰማል ባይ ነኝ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጥ የነበረውን ሸክላ እናስብ፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ ጥቂት ደቂቃ፣ ከፊት ዘፋኝ፣ ከኋላ ጥሩምባና ሳክስፎን፣ ከሥር የሚያስጨፍር ምት። አምሃ እሸቴ በ1969 የመንግሥትን ብቸኛ የማሳተም መብት ተዳፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ትልቅ ድፍረት ነበር፤ ሆኖም ያወጣውን ገንዘብ መመለስ ነበረበትና የሚያሳትመው ሰው የሚገዛውን ነው። የእማሆይ ሸክላ ላይ ዘፋኝ የለም፣ ግጥም የለም፣ ከበሮ የለም፤ አንድ ፒያኖ ብቻ። ግራ እጃቸው በአውሮፓ የዋልዝ አካሄድ ይሄዳል፤ ቀኝ እጃቸው ግን የግራውን ቆጠራ አይጠብቅም፤ ይዘገያል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዷን ድምፅ ይዞ ያሽሞነሙናታል፣ ከዚያ ድንገት ይሮጣል። ቁም ዜማ ያዳመጠ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል፤ ጽናጽልና ከበሮ ሳይገባበት የሚዜም ዜማ የሚገዛው ለትንፋሽ ነው። «ቤት አልባው መንገደኛ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ድርሰታቸው መድረሻው የት እንደሆነ ሳይናገር ይንከራተታል። አንድ ነጋዴ ቢሰማው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዘፋኙ የታለ?» ብሎ ነበር። ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ስላልነበረ ድርሰቱ እንደተፀነሰ ወጣ።

እዚህ ላይ ማንም አስተዋይ አንባቢ ሊል የሚችለው አለ። የከንቲባ ልጅ ናቸው፣ አውሮፓ ተምረዋል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሸክላ አሳተሙላቸው፤ ለትርፍ አለመሥራት እንዲህ ላለ ሰው ቀላል ነው። ከተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው፤ ሸክላ ማሳተም ገንዘብ ይፈጃል፣ ያን ገንዘብ አንድ ሰው መክፈል አለበት፣ ፍቅር ብቻውን ጀርመን አያደርስም። ግን ሌላውን ግማሽ የሚያፈርስ ምሳሌ አለ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ በሒልተን ሆቴል ለእንግዳ ይጫወት ነበር፣ የሚከፈለውም ለዚያ ነበር። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲዞር እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ ብቻውን ማለት ይቻላል አንድ ካሴት ሠራ። የቤተ መንግሥት ድጋፍ የለም፣ ባንዱም አብሮት የለም። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በታክሲ ገፋ፤ በደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 ዳግመኛ ታተመ፤ ኃይሉም በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። እማሆይን ከገበያ ነፃ ያደረጋቸው ምናኔ ሲሆን እሱን ከካሴቱ በኋላ ነፃ ያቆየው የታክሲ ገቢ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ውጤቱ ግን ይመሳሰላል፦ ማንም ያላዘዘው፣ የሠሪው ምርጫ ብቻ ያለበት ሥራ።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚያው ከጎንደር ነው፣ ይበልጥም ይከብደኛል። አዝማሪው ምን ይሁን? ማሲንቆውን ይዞ ሠርግ ቤትና ጠጅ ቤት የሚዞረው በሽልማት ስለሚኖር ነው፤ ለእሱ «ለፍቅር ሥራ» ማለት «ጾምህን እደር» ማለት ነው። እንዲያውም ገንዘቡ የጥበቡ አካል ነው፤ አንዱ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍና «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ያቀብለዋል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍናል፣ ሰሙ ለሸላሚው ይሆንና ወርቁ አንዳንዴ ሸላሚውን ራሱን ይወጋል። ሸላሚ ከሌለ ይህ ጨዋታ የለም። ስለዚህ ገንዘብ ሙዚቃን ያበላሻል የሚል ሰው ጎንደርን አያውቅም። እኔ የምለው ከዚህ ጠበብ ያለ ነው፤ የከፈለ ሰው ድምፁ ላይ አሻራው ይቀራል። በአዝማሪው ላይ ያ አሻራ ጌጥ ነው፤ በሸክላ ሻጩ ላይ የደቂቃ ልክና የሚያስጨፍር ምት ነው፤ በእማሆይ ፒያኖ ላይ የማንም አሻራ የለም፣ ባዶ ቦታውም ይሰማል።

ትርፉስ? ቀርቶ አልቀረም። በ2006 ሥራዎቻቸው በኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ አልበም ሆነው ፈረንሳይ አገር ከወጡ በኋላ ዓለም አወቃቸው፤ በ2020 «ታይም»፣ በ2021 «ፓሲንግ» የተባሉት የአሜሪካ ፊልሞች ሙዚቃቸውን ተጠቀሙ። ደራሲው ለትርፍ ስላልሠራ ሌላው እንዳያተርፍ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ይህ የእንዲህ ያለ ሥራ እውነተኛ ድክመት ነው፣ ልሸፍነው አልሞክርም። በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽን ልጆችን ሙዚቃ ለማስተማር መነሣቱ ግን ነገሩን ወደ ቆሎ ተማሪዎቹ መልሶ ያመጣዋል።

ከሁሉ ይልቅ የኔን አባባል የሚፈትነው ግን በ2024 የወጣው አልበም ነው። እማሆይ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም ኖሩ፤ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ካረፉ በኋላ የታተመው ይህ አልበም በደርግ ዘመን፣ ከ1977 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ ቤታቸው ተቀምጠው በካሴት የቀረጹት ነው። በዚህኛው ይዘፍናሉ፤ በአማርኛ፣ በራሳቸው ግጥም፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ ስለ አገርና ስለ ናፍቆት። የሸክላው ነገር ልመና ነበር፤ ለተራቡ ልጆች የተዘረጋ እጅ ነበረው። ለእነዚህ ካሴቶች ግን የተዘረጋ እጅ የለም። ማንም እንዲሰማቸው አልተላኩም፣ ማንንም ለማብላት አልተቀረጹም። ፒያኖው ሲንቋቋ፣ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ካሴቱ ላይ ይሰማል፤ እሳቸውም አላቋረጡም።