ልጅቷ የምትማረው ኢኮኖሚክስ

አንድ ማታ የንባቡ ትምህርት አልቆ ልንነሣ ስንል አንድ አባት ጠየቁን። «ልጄ አዳማ ቤት ተከራይታ 9ኛ ክፍል ትማራለች። በየሳምንቱ ጤፍና ሽሮ እልክላታለሁ። ኢኮኖሚክስ የሚባል እማራለሁ ትለኛለች። ይኼ ነገር ምንድነው? ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰዓት እጇን አጣሁት እኮ» አሉን።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጅቷ ቤት መጥታ ልታስረዳ ስትሞክር ቃሉ ይጠፋታል። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ በ9ኛ ክፍል ይጀመራል። እኛ ያገኘነው 11ኛ ክፍል ስንደርስ ነበር፤ ያውም ትርጉሙን ሸምድደን ፈተና አለፍን እንጂ በአንድ ማሳ ላይ አስልተን አናውቅም።

ኢኮኖሚክስ ማለት ያለን ነገር ለፍላጎታችን ሁሉ ስለማይበቃ የቱን መርጠን የቱን እንደምንተው የሚያጠና ትምህርት ነው። ሽንኩርት በተተከለበት መሬት በዚያው ወቅት በቆሎ አይበቅልም። ስለዚህ ሽንኩርቱ ያስወጣው ብር ብቻ አይደለም፤ የቀረውም በቆሎ ከወጪው ይቆጠራል። ይህን ገበሬ ሳይማር ያውቀዋል።

የሚያስቸግረው ሂሳቡ ነው። አባትየው ከአዋሽ ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት ያለማሉ። አብረናቸው ቁጭ ብለን፣ እንዲመች ቁጥሩን አጠጋግተን አሰላን። ለዘር 9,000 ብር፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት 14,000፣ ለናፍታ 8,000፣ ለቀን ሠራተኛ 11,000፣ ለጆንያና ለማስጫኛ 3,000። ድምሩ 45,000 ብር ሆነ። ምርቱ 30 ኩንታል፣ ማለትም 3,000 ኪሎ ነው። ወጪውን ለኪሎ ስናካፍለው 15 ብር መጣ። ደላላው የከፈላቸው ግን 14 ብር ነው። 42,000 ብር በአንድ ቀን እጅ ሲገባ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን 3,000 ብር ከስረዋል።

ደላላው ለምን 14 አለ? አምና ዋጋው ጥሩ ስለነበረ ዘንድሮ ሁሉም ሽንኩርት ተከለ። የመቂውም፣ የባቱውም፣ የአዋሽ ዳሩም በአንድ ሳምንት ነቀለ። ይህ በትምህርቱ ቋንቋ አቅርቦት በዛ ይባላል። ሽንኩርት ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። ሻጩ እንደቸኮለ ገዢው ያውቃል። ለፋሲካ የዶሮ ወጥ ሲደርስ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም ይነሣል፤ ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉም ሸጦ ጨርሷል። ችግኙን ከጎረቤት ሁለት ሳምንት አዘግይቶ መትከል አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ዝናብና በሽታ ካልቀደሙ ነው እንጂ።

የልጅቷም ትምህርት በዚሁ ሚዛን ይለካል። ወጪው የቤት ኪራይና ጤፍ ብቻ ሳይሆን የቀረው እጇም ነው። አባትየው ልክ ናቸው፤ ትምህርት በነጻ አይገኝም። እኛም ይህን አልደበቅናቸውም።

ሂሳቡን በራሳቸው እጅ በደብተራቸው ጻፉት። «ናፍታ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዘው አስተካከሉት። ቅዳሜ ልጅቷ ከአዳማ መጥታ ገጹን አየችና፣

«አባዬ፣ የአንተና የእማዬ ጉልበትስ የታል?» አለቻቸው።

እሳቸውም እስክሪብቶውን አነሡ።