የመምህራን ሥልጠናና የቪዲዮ ትምህርት ዝግጅት፤ በኅብረት የመሥራት ጥቅም

በጉለሌ የሚገኘው የዊንጌት ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1946 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመውና በእንግሊዛዊው መኰንን በጄኔራል ኦርድ ዊንጌት ስም ከተሰየመው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱም ከጊዜ በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛነት ተለውጧል። የእጅ ሙያ በሚሰጥበት ስፍራ ሁሉ የታወቀ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም ሠላሳ ሠልጣኞች በአንድ ቶርኖ ዙሪያ ቆመው የአሠልጣኙን እጅ እኩል ለማየት አለመቻላቸው ነው። ከፊት የቆሙት ያያሉ፤ ከኋላ ያሉት ግን ይሰማሉ እንጂ አያዩም። ከቅርብ የተነሣ ቪዲዮ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ሠልጣኙም ያልገባውን ደጋግሞ ለማየት ይችላል።

ነገር ግን ቪዲዮው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ማን አዘጋጀው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተጀመረውና ሕዝቡ «ፕላዝማ» እያለ የጠራው ትምህርት የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፥ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነበር። ስርጭቱ ከማዕከል ስለሚመጣ መምህሩ ሊያቆመውም ሆነ ሊያዘገየው አልቻለም፤ ለእርሱ የቀረለት በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ቢገዛም፥ የመምህሩ ሙያ ከትምህርቱ ዝግጅት ውጭ ቀረ።

በአንጻሩ የአገር መምህር በራሱ ሲያዘጋጅ የሚገኘው ውጤት ታይቷል። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት ድርጅት «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ዝግጅት በአማርኛ አቅርበዋል፤ በ2010 እ.ኤ.አ.ም የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት ተቀብለዋል።

ሥራው ብዙ ሙያ ስለሚጠይቅ ዕጩ መምህራን ቢማሩት የሚሻለው በቡድን ነው። አምስት ሰዎች ባሉበት ቡድን አንዱ ጽሑፉን ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ያስተምራል፤ ሦስተኛው ካሜራውን ይይዛል፤ አራተኛው ድምፁንና ብርሃኑን ይጠብቃል፤ አምስተኛው ቅንብሩን ይሠራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ ከባዱ ሥራ በዚህ ይቀላል። ሆኖም የሥራ ክፍፍሉ በየትምህርቱ ካልተፈራረቀ፥ ኮምፒውተር የሚያውቀው ሁሉን ጠቅልሎ ይሠራል፤ የቀሩት ሳይማሩ ማርክ ይካፈላሉ። ይህን ለመከላከል ፈታኙ እያንዳንዱን አባል ለብቻው ጠርቶ፥ «ይህ ምስል ስለ ምን እዚህ ገባ?» ብሎ ቢጠይቀው ይበቃል።

ሦስት ነገሮች በተለይ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ድምፅ ነው፤ ምስሉ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፥ ድምፁ ካልተሰማ ግን ትምህርቱ የለም። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ወደ ተናጋሪው መቅረብ አለበት። ሁለተኛው የሥራው ጠባይ ነው፤ የብየዳ ብርሃን ለምሳሌ ዓይንንም ካሜራንም ስለሚጎዳ፥ በብየዳ መስተዋት ካልተከለለ አይነሣም። ሦስተኛው የፋይሉ መጠን ነው። በሴኮንድ 16 ሜጋቢት የሚቀዳ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ 600 ሜጋባይት ይሆናል፤ ወደ 2 ሜጋቢት ሲጨመቅ 75 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። ኢንተርኔት በገንዘቡ ለሚገዛ ሠልጣኝ ይህ ልዩነት ትምህርቱን በማግኘትና በማጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ነጋዴውና ባለ ወርክሾፑ ከዚህ ነገር የራቁ አይደሉም። ማሽኑን ሳያይ የተመረቀ ሠራተኛ ሲቀጠር፥ ዕቃ በማበላሸትና ጊዜ በማባከን የሚደርሰውን ኪሳራ የሚከፍለው አሠሪው ነው። በአንጻሩ ባለ ወርክሾፑ ቡድኑን አንድ ግማሽ ቀን ቢያስገባ፥ ሠልጣኞቹ እርሱ የሚጠቀምበትን ማሽን አስቀድመው ያውቃሉ። የምስጢር ሥራ እንዳይነሣና የሠራተኞች ፈቃድ እንዲጠየቅ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። የሰው ሙዚቃ በቪዲዮው ማስገባትም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለ መብቱን ፈቃድ ይሻል።

ካሜራ ያለው ስልክ ዛሬ በብዙ ዕጩ መምህራን እጅ ይገኛል። የጎደለው የሚቀረጸው እውነተኛ ሥራ ነው፤ ይህንንም ሊሰጥ የሚችለው የወርክሾፑን በር የሚከፍት ባለ ንብረት ነው።