ፎሙ ያለቀ ዕለት፣ እንጨቱ ግን አልጠፋም

ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ሰርፍቦርድ ምን አገባው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔ እንኳን ሞገድ ላይ ልቆም፣ መዋኘትም በቅጡ አልችልም። ግን ኢኮኖሚክስ ስንማር ስለ ሞኖፖሊ ከሰማሁት ሁሉ የዚህን ያህል የገባኝ የለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዲሴምበር 5 ቀን 2005፣ ዕለቱ ሰኞ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ክላርክ ፎም የተባለ ፋብሪካ ለደንበኞቹ በፋክስ ደብዳቤ ልኮ ሥራ ማቆሙን ተናገረ። ፋብሪካው የሚያመርተው ሠሪዎች እየላጉ ሰርፍቦርድ የሚያደርጉትን የፎም ጥሬ ዕቃ ነበር። የአሜሪካን ገበያ አብዛኛውን ድርሻ ብቻውን ይዞታል። ባለቤቱ ጎርደን ክላርክ የአካባቢ ጥበቃና የእሳት አደጋ ደንቦችን ምክንያት አደረጉ። በቃ፣ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ያለውም በሽሚያ አለቀ። ሲሚንቶ የጠፋ ጊዜ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ሃዋይ ውስጥ ግን ሰርፍቦርድ ለዘመናት የተሠራው ያለ ምንም ፋብሪካ ነው። አላያ የሚባለው ቀጭኑ ቦርድ ብዙውን ጊዜ ኮአ ከሚባል ዛፍ ይወጣል፤ ኮአ የግራር ዘመድ ነው። ለመኳንንቱ የሚሠራው ረጅሙ ኦሎ ደግሞ ከቀላሉ ዊሊዊሊ ነው። ዊሊዊሊን ስፈልግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የእኛው የቆርች ዘመድ! ያ እሾሃማው፣ ቀይ አበባ የሚያወጣው፣ አጥር የምናደርገው ቆርች።

ሠሪው ዛፉን ከመረጠ በኋላ ዝም ብሎ አይቆርጥም። ከሥሩ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀይ ዓሣ በመሥዋዕትነት ያስቀምጣል። ከዚያ በድንጋይ መጥረቢያ ጠርቦ ያወጣውን ጣውላ ወደ ባሕሩ ዳር ይወስደዋል። የመጥረቢያውን ጠባሳ በኮራልና በሸካራ ድንጋይ እያሸ ያጠፋል። ማቅለሚያው ከዕፅዋት ሥርና ቅርፊት ወይም ከከሰል ይዘጋጃል፤ በመጨረሻ ኩኩይ ከሚባል ፍሬ የወጣ ዘይት ይቀባል። ከባሕር በተመለሰ ቁጥርም ይደርቃል፣ ዘይት ይጠጣል፣ በቅርፊት ጨርቅ ይጠቀለላል። ጥሬ ዕቃው ከደጅ ስለሆነ ወጪው በሙሉ ጉልበትና ጊዜ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ የገባ በሽታ የሃዋይን ሕዝብ ሲፈጅ የእጅ ሥራውም አብሮ ተዳከመ። በ1920ዎቹ ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ሆኖሉሉ በሚገኘው ቢሾፕ ሙዚየም የነበሩትን አሮጌ ቦርዶች አጥንቶ አምሳያ ሠራ፤ ክብደቱን ለመቀነስም ጣውላውን በመቶ በሚቆጠሩ ቀዳዳዎች በሳው። በኋላ የኢኳዶር ባልሳ መጣ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ፎም ሁሉንም ገፋው። እውነቱን ለመናገር ፎሙ ያሸነፈው በሐቅ ነው፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይቀረፃል፣ ብዙ ይመረታል።

ደስ የሚለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አውስትራሊያ የሚኖረው ቶም ዌገነር የሙዚየሙን ቦርዶች አይቶ አላያን ፓውሎኒያ ከሚባል እንጨት መሥራት ጀመረ። ፓውሎኒያ ጨዋማ ውኃ ብዙም ስለማይጠጣ ፋይበርግላስ አያስፈልገውም፣ ዘይት ይበቃዋል። ሜይን ውስጥ ደግሞ፣ ያውም በዚያው በ2005፣ ግሬይን የተባለ ድርጅት ከአካባቢው ነጭ ዝግባ፣ እንደ ጀልባ የጎድን አጥንት ያለው፣ ውስጡ ክፍት ቦርድ መሥራት ጀመረ።

እዚህ ጋ የሚያስቸግረው ነገር ይመጣል፦ በእጅ የተሠራ እንጨት በዋጋ ከፎም ጋር አይወዳደርም። የግሬይን መላ ያለቀውን ቦርድ ብቻ አለመሸጥ ነው። የተቆራረጠውን እንጨት ከነፕላኑ ይሸጣል፣ ኮርስም ይሰጣል፤ ደንበኛው ከፍሎ መጥቶ የገዛ ቦርዱን እየላገ ቀናት ያሳልፋል። ውዱ ነገር ጉልበቱ ነበር አይደል? እሱን የሚያቀርበው ገዢው ሆነ፣ ያውም ከፍሎ!

ለመግዛት ያሰበ ዲያስፖራ ካለ ግን፣ አላያ ቀጭን ስለሆነ ሰው ተሸክሞ እምብዛም አይንሳፈፍም፤ ለጀማሪ አይሆንም። ጀማሪ በፎሙ ይጀምር።