በረኪናና አሲድ አይገናኙ

በኬሚስትነቴ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ስለ በረኪና ነው። ብዙዎች እድፉን ጠራርጎ የሚያወጣው ይመስላቸዋል። በውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ግን ኦክሲዳይዘር ነው፤ ከሌላው ነገር ኤሌክትሮን ይነጥቃል። የቡና ወይም የወጥ ቀለም ሞለኪውል ኤሌክትሮኑን ሲነጠቅ አወቃቀሩ ይፈርስና ቀለም መስጠቱን ያቆማል። ከእድፉ የተወሰነው እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ዓይናችን ግን አያየውም።

ጀርም የሚሞተውም በዚሁ መንገድ ነው፣ ፕሮቲኑ ሲበላሽ። ችግሩ፣ በረኪና ጀርምና ጭቃ አይለይም። ያልታጠበ ወለል ላይ ብትደፉት አቅሙን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ በበረኪና። 5 በመቶ የሆነውን 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ ብትበጠብጡት 0.1 በመቶ ይሆናል፤ ለጠረጴዛና ለበር እጀታ ይበቃል። የበጠበጣችሁትን አታሳድሩ። ሱፍና ሐር ላይ አይሞከርም፤ ክሩ ራሱ ፕሮቲን ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሽታው አልለቅ አለኝ ብሎ በረኪናው ላይ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አቼቶ የሚጨምር አለ። ያኔ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ደግሞ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ከመጣ ባልዲውን እዚያው ትታችሁ ውጡ፤ አየሩ እስኪጠራ ማንም አይግባ።