የፀሐይ ኃይል ማመንጫና የፎገራ ሜዳ

ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ካጥለቀለቁና ሩዙን ካበቀሉ በኋላ ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ውኃው በዋሻ ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀውን 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ስለሚያንቀሳቅስ፣ ሜዳው ከኤሌክትሪክ ምርት ጋር የተሳሰረው አስቀድሞ ነው። በበጋ በሜዳው ባለችው ወረታ ከተማ ላይ የምትውለው ፀሐይ ግን ሌላ ዓይነት ማመንጫን ታስታውሰናለች።

ብርሃንን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይር የፀሐይ ማመንጫ ውስጥ የሚሽከረከር ተርባይን የለም። የሥራው እምብርት ሲሊከን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ ስስ ገበታ ሲሆን፣ አንዱ ገጹ ፎስፈረስ ስለተጨመረበት ትርፍ ኤሌክትሮኖች አሉት፣ ሌላው ደግሞ ቦሮን ስለተጨመረበት ይጎድሉታል፤ ብርሃን ኤሌክትሮኑን ከቦታው ሲያስፈነጥረው በሁለቱ ወሰን ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፣ ኤሌክትሮኑም በሽቦ ዞሮ ሲመለስ ኮረንት ይፈጠራል። ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚያስገኝ ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤከረል እ.ኤ.አ. በ1839 አስተውሎ ነበር፤ ለሥራ የሚበቃው የሲሊከን ገበታ ግን በአሜሪካ ቤል ቤተ ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የዚያ ገበታ ውጤታማነት 6 በመቶ ገደማ ነበር፤ የዛሬዎቹ ከ20 በመቶ ያልፋሉ። የአንዱ ገበታ ቮልቴጅ ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ በመሆኑ ብዙዎቹ ተያይዘው ሶላር የሚባለው ሰሌዳ ይሆናሉ፤ ከሰሌዳዎቹ የሚወጣውን ቀጥተኛ ኮረንት ኢንቨርተር ወደ ተለዋዋጭ ይቀይረዋል፣ ትራንስፎርመርም ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ለመስመሩ ያስረክባል።

ሰሌዳው የሚሻው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም፤ እንዲያውም ሲግል ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በጣሊያኑ ኤኔል ግሪን ፓወር የተመራ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2017 ለ100 ሜጋ ዋት ማመንጫ በጨረታ ከተመረጠበት ከቆላማው መተሐራ ይልቅ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጣና ዳርቻ በዚህ ረገድ ይሻላል። ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በወረታ ሰማይ በስተሰሜን በኩል የምታልፍ ቢሆንም፣ የቀረውን ዓመት በስተደቡብ ስለምትሻገር ሰሌዳዎቹ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ቢያዘነብሉ ይመረጣል።

አስቸጋሪው መሬቱ ነው። አንድ ሜጋ ዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሄክታር ይፈልጋል፤ የፎገራ ዋልካ አፈር ደግሞ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ምሰሶን ያናጋል፣ ለሩዝና ለጓያ ግን ወደር የለውም። ሰሌዳ የሚያስፈልገው ወደ ዓለም በር ከተማ በሚወስደው ድንጋያማ ተረተር ወይም በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ጣሪያ ላይ እንጂ በማሳ ላይ አይደለም፤ መፈልፈያዎቹ ከአጨዳ በኋላ፣ በጠራው በጋ፣ ቀን ቀን ስለሚሠሩ ባትሪ እንኳ ብዙም አያሻቸውም። ከዚያ የተረፈው ወደ መስመሩ ሲገባ ለበለስ በቀን የሚለቀቀውን ውኃ መቀነስ ይቻላል፤ የተቆጠበውም ውኃ ጣና ውስጥ እስከ ምሽት ይቆያል።