ከጣና እስከ መጥበሻ፦ በባሕር ዳር የምግብ ጉዞ በእግር

የምግብ ጉዞ የሚባለው አንድ አስጎብኚ ጥቂት እንግዶችን አስከትሎ በከተማ ውስጥ በእግር እየተዘዋወረ ምግቡ የሚመጣበትን፣ የሚሸጥበትንና የሚበስልበትን ቦታ የሚያሳይበትና የሚያስቀምስበት የጉብኝት ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። እንግዳው በየደረሰበት ቤት ቁራሽ ቁራሽ ስለሚቀምስ ሆዱን ባዶ ይዞ ቢመጣ ይመረጣል። በባሕር ጠረፍ ባሉ ከተሞች እንዲህ ያለው ጉዞ ከዓሣ ገበያ ይጀምራል። በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ላይ የምትገኘው በርገን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ የዓሣ ገበያዋ እ.ኤ.አ. ከ1276 ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ከገበያው ጥቂት እርምጃ አልፎ ብሪገን የተባለው የእንጨት ቤቶች ሰፈር አለ። የጀርመን ነጋዴዎች ከሰሜን ኖርዌይ የሚመጣውን ደረቅ ዓሣ ለአውሮፓ ያከፋፍሉ የነበረው ከዚህ ሰፈር ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ያ ዓሣ ጨው ሳይነካው በብርድና በነፋስ ብቻ የደረቀ ነው፤ የዓሣ ቋንጣ ቢባል ያስኬዳል።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ዓሣ ከውኃ ወጥቶ እዚያው ከተማ ውስጥ የሚበላባቸው ቦታዎች ግን አሏት። የሐዋሳው አሞራ ገደል በሰፊው የታወቀ ነው። ለደቡብ ወሎ ሰው ከደሴ ብዙም የማይርቀው ሐይቅ ከተማ ይቀርባል። ምግብን ከምንጩ እስከ ገበታው በእግር ተከትሎ ለመጨረስ ግን ባሕር ዳርን የሚያህል የለም። ከደቡብ ወሎዎቹ ከአቀስታ ወይም ከመካነ ሰላም ተነስቶ ዓባይን በመሻገር በጉንደወይን በኩል ጎጃም የሚገባ መንገደኛ የገብስና የባቄላ፣ የበግ ሥጋና የበሶ አገር ትቶ ነው የሚመጣው። ዓሣ አጥንቱን ለይቶ መብላት ለብዙ የደጋ ሰው እንግዳ ነገር ስለሆነ መሪ ማስፈለጉም ከዚህ ይጀምራል።

ጉዞው በማለዳ መጀመር አለበት። ሌሊት የተጣለው መረብ ጎሕ ሲቀድ ይነሳል፤ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ የደረሰ ሰው የሚያየው የተረፈውን ነው። ከጣና ሐይቅ ሁለት ዓይነት ጀልባ ይመጣል። አንደኛው ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። የታንኳ ሥራ ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ከአባት ወደ ልጅ ያቆዩት ሙያ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ሁለተኛው ሞተር ያለው ጀልባ ነው። ሞተርና የናይሎን መረብ ወደ ጣና የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ በተጀመረ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት አስጋሪው በታንኳ ዳር ዳሩን ብቻ ስለሚያሰግር የሐይቁ መሐል የዓሣው መሸሸጊያ ነበር። ዛሬ ጣና ሐይቅ ቁጥር 1ን የመሳሰሉ የአስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የያዙትን እዚያው ከተማው ዳር ያራግፋሉ።

ማራገፊያው ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። ዓሣ አራጁ ቀረሶውን በጅራቱ ይዞ ከጅራት ወደ ራስ በቢላ ሲፍቀው ቅርፊቱ እንደ እንቁጣጣሽ ወረቀት ብልጭ ብልጭ እያለ ይበተናል። ሆዱን በአንድ ምት ይሰነጥቅና ሆድ ዕቃውን ወደ ኋላው ይወረውራል። እዚያ ፔሊካኖች ምንቃራቸውን ከፍተው ስለሚጠብቁ የወደቀ ነገር መሬት አይነካም። ሙሉውን ለጥብስ የሚፈልግ ገዢ የዓሣውን ራስ አያስቆርጥም፤ ለጉላሽ የሚፈልግ ደግሞ ሥጋው ከአጥንቱ ተልጦ ይሰጠዋል። ትኩስ ዓሣ በዓይኑ ይታወቃል፤ የጠራና ወጣ ያለ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ከደፈረሰና ከጎደጎደ ያደረ ነው። ስንጥቡ ቀይ መሆኑም ይታያል።

ወደ ገበያ የሚወጣው ዓሣ በዋናነት ሦስት ወገን ነው፦ ቀረሶ፣ ቅርፊት የሌለውና ጢማም የሆነው አምባዛ፣ እንዲሁም ነጭ ዓሣ ተብለው የሚጠሩት የባርበስ ወገኖች። ቀረሶና አምባዛ በሌላም ሐይቅ ይገኛሉ። የነጭ ዓሣዎቹ ነገር ግን ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ጣና መውጣት አይችልም። ከላይ የቀሩት በረጅም ዘመን እርስ በርስ እየተለያዩ አንዱ ሣር ቃሚ፣ አንዱ ትል ለቃሚ፣ ሌላው ሌሎች ዓሦችን አዳኝ ሆነዋል። ሆላንዳውያኑ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት ለየብቻ የቆሙ ከደርዘን በላይ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ በዓለም የትም የሉም። ገበያ ላይ ሁሉም በአንድ ስም ይሸጣሉ፤ ጎበዝ አስጎብኚ ግን የሁለት ዝርያዎችን አፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ያሳያል።

ከሐይቁ ዳር ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ በዘንባባ ጥላ ስር ያልፋል። ገበያው ቅዳሜ ይደምቃል። የጎጃም ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በርበሬና ቅመም በየተራው ተዘርግቷል። እንግዳ ሰውን የሚያስገርመው ሩዙ ነው። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ክረምት ውኃ ይተኛበት ስለነበር ለጤፍ አይመችም ነበር፤ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረበትና ያዘለት። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ የአካባቢው ሰውም ሩዙን ከጤፍ ጋር አስፈጭቶ እንጀራ ይጋግርበታል። ቀለሙ ነጣ ያለ ነው፣ ትኩሱን ከሆነም ይጣፍጣል፤ ሲያድር ግን ይደርቃል። በዚሁ ገበያ በቆዳ የተለበጠው አገልግል ይሸጣል። የመንገደኛ ስንቅ መያዣ ስለሆነ ለምግብ ጉዞ ከእሱ የተሻለ መታሰቢያ አይገኝም።

ቀጥሎ ዓሣ ቤት ነው። ጥብስ የታዘዘ እንደሆነ ቀረሶው ጎንና ጎኑን ይተለተላል፤ ጨውና ሎሚ ይነካና በጋለ ዘይት ውስጥ እንዳለ ይገባል። ቆዳው ሲቀላና ሲንኮሻኮሽ ወጥቶ በእንጀራ ወይም በዳቦ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። አበላሉ ዘዴ አለው፦ በጀርባው መስመር በኩል ተይዞ ሥጋው ወደ ሆዱ ሲገፋ አጥንቱ ከአከርካሪው ጋር እንደ ማበጠሪያ ተያይዞ ይቀራል። ከሆዱ በኩል የጀመረ ሰው አጥንት ሲለቅም ይውላል። ጉላሹ፣ ለብለቡና ዱለቱ አጥንት ለሚፈራ ይመቻሉ፤ ቅመም ግን ያደረን ዓሣ ስለሚሸሽግ የዕለቱን ዓሣ ለመፍረድ ጥብሱን ማዘዝ ይሻላል።

የዓሣ ቤቱ ግርግር በጾም ወራት ይጨምራል፤ በዐቢይ ጾም ዋጋውም ከፍ ይላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይ ምእመናን አንድ አይደሉም። በአንዱ ጠረጴዛ ዓሣ፣ በሌላው ሽሮ የሚታየው ለዚህ ነው፤ አስጎብኚውም እንግዶቹን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

የጉዞው ማብቂያ ቡና ነው፤ እዚህ ደግሞ የዘጌ ቡና። የዘጌ ልሳነ ምድር ከከተማዋ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። ገዳማት ባሉበት ደን ውስጥ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይበቅላሉ። በአካባቢው ትውፊት መሬቱን በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ስለሆነ ደኑ እስካሁን ቆሟል።

ጥሩ አስጎብኚ የሚያስከፋውንም አይደብቅም። የነጭ ዓሣዎቹ ምርት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ በሦስት አራተኛ ማሽቆልቆሉን ጥናት አሳይቷል። ዋናው ምክንያት እነዚህ ዓሦች በክረምትና በመጸው እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ሲጎርፉ በወንዞቹ አፍ በመረብ መታፈሳቸው ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳርቻ ወሯል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት እንግዳውን አመናምኖታል፤ የአስጎብኚውም የዓሣ ቤቱም ገቢ ቀንሷል። ስለዚህ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ፤ አስጎብኚውንም ከከተማው ሰው ይያዝ፣ ሳይነሳም በዋጋው ይስማማ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ነጭ ዓሣውን ትቶ ቀረሶ ወይም አምባዛ ይዘዝ።