ሰፊ አለን፤ ልክ አውጪ ግን የት አለ?



የምጽፈው ስለ ልብስ ነው። የልብስ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው ስለ ዋጋው መወደድ ማማረር ይጀምራል፤ እኔ ግን ዛሬ ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ልኩ ለመናገር እፈልጋለሁ።

የምኖረው ደብረ ሲና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ከተማችንን ያውቃታል። 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲወርድ አውቶቡሱ ይቆማል፤ ቆሎ ሻጮችም ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ መንገደኛውም ቆሎውን ገዝቶ መንገዱን ይቀጥላል። የአገሩን ብርድ ግን የሚያውቀው የሚያድርበት ሰው ነው፤ ከሚያድሩትም መካከል ይልቁንም የሌሊት ዘበኛ ነው።

በምሠራበት መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ አባል ሆኜ ሳለሁ ለጥበቃ ሠራተኞች ካፖርት ለመግዛት ጨረታ አወጣን። በሰነዱ ላይ «ጥራቱን የጠበቀ፥ ወፍራም፥ ገበር ያለው፥ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ» ብለን ጻፍን። ስለ ልኩ የጻፍነው ግን «ትልቅ፥ መካከለኛ፥ ትንሽ» የሚል ብቻ ነበር፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ካፖርቱ በቀኑ መጣ፤ ጨርቁም ነውር የለበትም። ነገር ግን ከዘበኞቻችን አንዱ ረዥምና ቀጭን ስለ ሆነ እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀረበት፤ ወገቡ ግን ሌላ ሰው ይጨምራል። ሁለተኛው አጭርና ደንዳና ነው፤ ደረቱ አልቆለፍ አለው፤ የካፖርቱ ጫፍ ደግሞ መሬት ይጠርጋል። ሦስተኛው ሞክሮት ሲያበቃ ምንም ሳይናገር አጥፎ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ለብሶት አላየሁም። ሌሊቱን ሦስቱም እንደ ወትሮው በጋቢ ያድራሉ። ነጋዴውን ለመውቀስ አሰብሁ፤ ሰነዱን እንደገና ሳነበው ግን ሰውየው የጻፍነውን በትክክል አቅርቧል።

ይህ ነገር ሲያሳስበኝ ሳለ የእኅቴን ልጅ ነገር አየሁ። ልጅቷ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የልብስ ስፌት ተምራ፥ ከኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን በአንዱ፥ ለውጭ አገር ገበያ ልብስ በሚሠራ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የሱሪ የውስጥ ጎን መግጠም ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ የሱሪ የውስጥ ጎን ትገጥማለች፤ ኪሱን ሌላዋ፥ ወገቡን ሌላዋ፥ ቁልፉን ሌላዋ ትሠራዋለች። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የምታስገባበትን፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣውን አጎዋ የተባለውን የንግድ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ስትከለክል ትእዛዙ አነሰ፤ የእርሷም መስመር ተዘጋ፤ ልጅቷም ወደ ቤቷ ተመለሰች። እናቷ በጎቿን ሸጣ አንድ አሮጌ ሲንጀር ገዛችላት። የመጀመሪያው ደንበኛ የሱሪ ጨርቅ ይዞ መጣ። ልጅቷ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። በኋላም ወደ እኔ ዘወር ብላ «ጋሼ፥ እኔ የማውቀው ተቆርጦ የመጣልኝን መስፋት ነው» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። እጇ ፈጣን ነው፤ ስፌቷም እንደ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ጨርቁም፥ የልብሱም ንድፍ፥ የቁጥሩም ሰንጠረዥ ከገዢው አገር ይመጣል፤ የእኛ ድርሻ ቆርጦ፥ ሰፍቶ፥ አጥፎ መላክ ነው። ገዢው ፊቱን ሲያዞር ንድፉም አብሮት ይሄዳል። በእጃችን የሚቀረው መኪናውና ፈጣኑ እጅ ነው።

ከዋናው መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉን። መርካቶ የከሰል ካውያ እያራገቡ በተለማማጅነት የጀመሩ ናቸው። ኮትና ካፖርት እንደ እርሳቸው የሚቆርጥ በአካባቢው የለም። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ሰውየውን ይለኩና ስድስት ሰባት ቁጥር በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያም በስባሪ ሳሙና ጨርቁ ላይ አስምረው ወዲያው በመቀስ ይገባሉ። ወረቀት የሚባል ነገር የላቸውም። ልጅቷን ወሰድሁላቸው። «አባባ፥ የብብቱን ጥልቀት በምን አወቁት?» ብላ ብትጠይቃቸው «ዓይኔ ይነግረኛል ልጄ» አሏት። መልሱ እውነት ነው፤ ለእርሷ ግን ምንም አይጠቅማትም። ዓይናቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደከመ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንደኛዋ መኪናውን ታውቃለች፥ ልኩን አታውቅም፤ ሌላው ልኩን ያውቃሉ፥ ነገር ግን በወረቀት ላይ አላሰፈሩትም። ሁለቱን የሚያገናኘው ሙያ ከቆረጣ በፊት ያለው ሙያ ነው፤ ይኸውም ልብሱን በአሳብ አውጥቶ፥ በወረቀት ላይ በየክፍሉ ነድፎ፥ አንድ ናሙና ሰፍቶ፥ በሰው ላይ ሞክሮ፥ ጉድለቱን ወረቀቱ ላይ አርሞ፥ ከዚያ በየቁጥሩ ማስፋትና ማጥበብ ነው።

ይህ የመጨረሻው፥ ማስፋትና ማጥበቡ፥ ቀላል ይመስላል፤ የእኛም ካፖርት የተበላሸው በዚሁ ነው። ደረቱ 92 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው የተነደፈውን ልብስ ደረቱ 96 ለሆነ ሰው ማድረግ ቢፈለግ ልዩነቱ አራት ሳንቲ ሜትር ነው፤ የልብሱ ወረቀት የደረቱን ሩብ ብቻ የሚያሳይ ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የሚጨመረው አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን አንገቱና ትከሻው በዚያው መጠን አይጨምሩም። ፎቶግራፍ እንደሚያሳድጉት ሁሉንም እኩል ያሳደገ ሰው ኮሌታው ከአንገት ላይ የሚወድቅ ልብስ ያገኛል። እጅጌ ደግሞ የሚረዝመው በቁመት እንጂ በደረት ስፋት አይደለም። ስለዚህ ረዥምና ቀጭን ለሆነው ዘበኛችን «ትልቅ» የሚለው ቃል ምንም አልነገረም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ሁለት ቁጥር ነበር፥ የደረቱና የቁመቱ።

ዛሬ ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ያቃልለዋል። አንዱ መነሻ ንድፍ ከገባለትና የአጨማመሩ ደንብ ከተነገረው የቀረውን ቁጥር ሁሉ በደቂቃ ያወጣል፤ ክፍሎቹን በጨርቁ ወርድ ላይ ደልድሎ ብጣሽ እንዳይበዛ ያደርጋል፤ ልብሱንም ገና ሳይሰፋ በሰው ምስል ላይ አልብሶ ያሳያል። እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ሆኖም ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የለባሹን ሰው ልክ ነው። የጣርማ በር ገበሬና የደብረ ሲና ዘበኛ ደረታቸው፥ ትከሻቸው፥ ክንዳቸው ስንት እንደ ሆነ ለክቶ ያልጻፈ ሰው መሣሪያውን ቢገዛ የሌላ አገር ሰው ልብስ ነው የሚያወጣለት።

ደግሞ የራሳችን ጨርቅ አለ። ከእኛ በላይ ያለው የመንዝ አገር በበጉ ጠጉር የታወቀ ነው፤ ባናውንና በርኖሱን የማያውቅ የሸዋ ሰው የለም። ደብረ ብርሃንም በ1950ዎቹ ዓመታት የብርድ ልብስ ፋብሪካ የቆመላት ከተማ ናት። ከባና ካፖርት ቢሠራስ ብዬ ለሽማግሌው ሳነሣላቸው ሳቁብኝ፤ ከዚያም ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፥ የእጅ ሸማኔ የሚሠራው ጨርቅ ወርዱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ በፋብሪካ ጨርቅ፥ አንድ ሜትር ተኩል ወርድ ባለው፥ የተለመደው አቆራረጥ አይሆንለትም፤ ስፌቱ ወርዱ በሚያልቅበት ቦታ እንዲውል ተደርጎ እንደ አዲስ መነደፍ አለበት። ሁለተኛ፥ የበግ ጠጉር ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ውኃ ገብቶ መድረቅ ይገባዋል፤ ይህን የዘነጋ ሰው በመጀመሪያው ክረምት የልጅ ካፖርት ይኖረዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከውጭ አገር የሚመጣ ንድፍ ሊያስተምረን አይችልም፤ በዚያ ወርድና በዚያ ጠጉር የሚሠራው የእኛ ሰው ብቻ ነውና።

ትምህርቱ በአገራችን ፈጽሞ የለም አልልም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በልብስ ምሕንድስናና በፋሽን ዲዛይን በዲግሪ ያስመርቃል። የመጀመሪያው አሳባችን ስለ ፈትልና ስለ ጨርቅ ነበር፤ ልብሱን ራሱን ለበረንዳው ሰፊ ትተንለት ቆየን፤ ንድፉ ከፍተኛ ትምህርት ሆኖ የመጣው በቅርብ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዲግሪ የያዘው ወጣት ከደብረ ሲናው በረንዳ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልታየኝም። እኔ ባየኋቸው አጫጭር ሥልጠናዎች ደግሞ ጊዜው የሚያልቀው መኪና በመንዳትና ቀጥ አድርጎ በመስፋት ነው፤ የወረቀቱ ሥራ ለመጨረሻው ሳምንት ይቀራል፤ የመጨረሻው ሳምንትም የምረቃ ዝግጅት ነው።

«ሰልባጅ ሞልቶ ሳለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ሰልባጅ ለብዙ ሰው እፎይታ ነው፤ እኔም እለብሳለሁ። እንዲያውም ልጅቷ የተማረችበት አንዱ መጽሐፍ ሰልባጅ ነው። ከገበያ አንድ አሮጌ ካፖርት ገዛን፤ ስፌቱን በምላጭ ተረተረችው፤ ክፍሎቹን ተኩሳ በወረቀት ላይ አስቀመጠቻቸው። ወረቀት ስላልነበረን የሲሚንቶ ከረጢት ቀደን፥ አራግፈን፥ ዘርግተን ተጠቀምን። ሁለት ፊት፥ ሁለት ጀርባ፥ እያንዳንዱ እጅጌ በሁለት፥ ኮሌታ፥ ኪስ፤ ገበሩም እንደዚያው። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ሆነው ሲመለከቱ ቆይተው በመጨረሻ አላስችል አላቸውና ሳሙናቸውን አንሥተው «ይህ ለፈረንጅ ትከሻ ነው፤ እዚህ ላይ ዝቅ በይ» አሏት። ከአርባ ዓመት በኋላ የእርሳቸው እውቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ የሰፈረው ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ አብዛኞቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ፤ ብዙዎቻችሁም እንደ እኔ በግዥ ኮሚቴ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። በየዓመቱ ለዘበኛው፥ ለተላላኪው፥ ለጽዳት ሠራተኛዋ የደንብ ልብስ እንገዛለን። ሰው ሁሉ በስሙ ቢለካና ደረቱ፥ ወገቡ፥ ቁመቱ፥ የእጅጌው ርዝመት በጨረታው ሰነድ ላይ ቢጻፍ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሸናፊውም ሁሉንም ከመስፋቱ በፊት በየቁጥሩ አንዳንድ ናሙና አቅርቦ በሰዎቹ ላይ ቢሞከር፥ ልክ የማውጣት ሙያ ያለው ሰፊ ከሌለው ሰፊ ይለያል፤ ሙያውም ገበያ ያገኛል። ገበያ ያገኘውን ሙያ ደግሞ ወጣቱ ሳይለመን ይማረዋል። የኮሌጅ ኃላፊዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። እንደ እኛ ሽማግሌ ያሉ ሰዎች ዲፕሎማ ስለሌላቸው መምህር ሊባሉ አይችሉ ይሆናል፤ ነገር ግን መምህሩ ቆሞ በወረቀት ላይ እየጻፈ እርሳቸው እንዲቆርጡ በሳምንት አንድ ቀን መጋበዝን የሚከለክል ደንብ ያለ አይመስለኝም።

በእኛ መሥሪያ ቤት ዘንድሮ ዘበኞቹን ለካን። ረዥሙ ሰው በሜትሩ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ሲቆም ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። የእኅቴ ልጅ አሁን ሱሪና ቀሚስ ራሷ ትቆርጣለች፤ ግድግዳዋ ላይም በሚስማር የተሰቀሉ፥ ቁጥር የተጻፈባቸው የሲሚንቶ ወረቀቶች አሉ። ካፖርቱን ግን ገና አልጨረሰችም፤ ሽማግሌው የፊቱን፥ የጀርባውንና የእጅጌውን ልክ ከሰጧት በኋላ የኮሌታውን ከልክለዋታል። ስትለምናቸው «እሱ ለፋሲካ ይደርሳል» ይሏታል፤ የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደ ሆነ ግን አልነገሯትም።

ከደብረ ሲና